በሽምግልና የተዘጋ ማተሚያ ቤት

ማተሚያ ቤት ነበረኝ ስል የሚስቁ ሰዎች አሉ። ይሳቁ፤ እኔም ስስቅበት ከርሜያለሁ። ነገር ግን ነበረኝ። በጃንሆይ ጊዜ፣ ከሚሴ ከተማ፣ ከአስፋልቱ ሁለት ቤት ገባ ብሎ፣ ከወንበር በስተቀር ምንም ያልጎደለው ማተሚያ ቤት ነበረኝ። ወንበር የጎደለው ያለችኝ አንዲት ወንበር ማሽኑን ስለተሸከመች ነው። ባለቤቱም፣ ደራሲውም፣ ሠዓሊውም፣ እጀታ አሽከርካሪውም እኔ ነበርኩ። ከእኔ በላይ አዛዥ አልነበረብኝም፤ ከእኔ በታችም ታዛዥ አልነበረኝም።

በሩ ላይ «ነፃ የሥዕል ወግ ማተሚያ ቤት» ብዬ በኖራ ጻፍኩ። ነፃ ያልኩት ማንም ስላልረዳኝና ማንም ስለማያዘኝ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት አንድ የወረዳ ጸሐፊ ቆም ብሎ አነበበና «ነፃ ከማን?» ሲል ጠየቀኝ። ጥያቄው ብዙ የሚያስቆም ስላልመሰለኝ «ከሐሜት ነው ጌታዬ» አልኩት። ጥሩ ነው ብሎኝ ሄደ። ከእሱ በኋላ የመጡት ደግሞ ያለ ክፍያ የሚታደል መስሏቸው እጃቸውን የዘረጉ ናቸው። እነሱን ለመመለስ ከጸሐፊው የበለጠ ደክሜያለሁ።

ማሽን የምለው የእጅ ማባዣ ነው። ስቴንስል የሚባል ሰም የተቀባ ወረቀት አለ፤ እሱ ላይ በሹል ነገር ትጭራላችሁ። እኔ የምጭረው በግራሞፎን መርፌ ነበር። ከዚያ ወረቀቱን ከበሮው ላይ ታለብሱና እጀታውን ታዞራላችሁ፤ በወዲህ ነጭ ወረቀት ይገባል፣ በወዲያ የተጻፈበት ይወጣል። የእኔው ማባዣ ደሴ ላይ ከአንድ ነጋዴ ጓዳ የወጣ አሮጌ ስለነበር ከበሮው አንድ ቦታ ላይ ቀዳዳ ነበረው። በዚያ ቀዳዳ ቀለም ያፈሳል። ስለዚህ ምንም ብጽፍ፣ ምንም ብስል፣ ከገጹ ግርጌ በስተግራ በኩል የዋንጫ አፍ የሚያህል ጥቁር ነጥብ ይቀመጥ ነበር። ይቺን ነጥብ ያዙልኝ፤ ጉዴን ያፈላችው እሷ ናት።

የሥዕል ወግ ማተም ከየት መጣብህ ትሉኝ ይሆናል። ደሴ ፀጉሬን ልቆረጥ ወረፋ ስጠብቅ አንድ የፈረንጅ መጽሔት አገኘሁ። ሰዎቹ በሣጥን በሣጥን ተከፋፍለው ተቀምጠዋል፤ ሲናገሩ ከአፋቸው ደመና ይወጣና ነገሩ ደመናው ውስጥ ይጻፋል። ቋንቋውን አላውቀውም። ነገር ግን ማን ማንን እንደበደለ፣ ማን ማንን እንደሚያባርር፣ መጨረሻ ላይ ማን ጉድጓድ እንደገባ አንድም አላመለጠኝም። ወረፋዬ ደርሶ ሲጠሩኝ አልሰማሁም፤ ፀጉሬን ሳልቆረጥ ከሚሴ ተመለስኩ።

ሥራዬ ማመልከቻ መጻፍ ነበር። ድንበሩ የተገፋበት፣ ላሙ የተወሰደበት፣ ሚስቱ የሸሸችበት ሁሉ ይመጣል፤ እኔ ደግሞ «ክቡር ሆይ» ብዬ እጀምርለታለሁ። እንጀራ ያበላኝ ነበር። ችግሩ የጨርቅ ነጋዴው አያ ሰይድ ዘንድ ነው። አያ ሰይድ ከድጃ የምትባል ልጅ ነበረቻቸው። እኔ ከድጃን ካየሁ ጀምሮ ለማመልከቻ የሚሆን ቃል እንኳ ከአፌ አልወጣ ብሎኝ ነበር። ወሬው ወዴት እንደሚሄድ ለመሞከር ያህል ሰው ልኬ ሳስጠይቅ አያ ሰይድ «በሰው ጥል ለሚበላ ልጅ አልሰጥም» ብለው መለሱ። ስድብ አልነበረም፤ እውነት ነው። ያናደደኝም እውነት መሆኑ ነው። እንግዲያው በሰው ደስታ የሚበላ ሥራ እፈጥራለሁ አልኩና ማባዣውን ገዛሁ።

ስለ ሥዕል ችሎታዬ አስቀድሜ ልናዘዝ። እጅ መሳል አልችልም። ስለዚህ ሰዎቼ ሁሉ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ነው የሚቆሙት፤ ያየ ሰው አገሩ በሙሉ የዳኛ አገር ይመስለዋል። ነፍስ ያለው ነገር መሳል ሐራም ይሆን ብዬ ሠግቼ የመስጊዱን ሸህ ጠይቄ ነበር። ሸሁ ወረቀቱን አቅርበውም አርቀውም ካዩት በኋላ «እነዚህ ነፍስ ያላቸው አይመስሉም፤ ምንም የለባቸውም» አሉኝ። ፈቃድ ነው ብዬ በደስታ ተቀበልኩ።

የመጀመሪያው ቁጥር ፍጹም ሰላማዊ ነበር። ቢሻው የሚባል የጨፋ ገበሬ ማሽላ ይዘራል፣ ማሽላው ያድጋል፣ ያጭደዋል። ቢሻው የሚል ስም የመረጥኩት በአካባቢው እንዲህ የሚባል ሰው ስለማላውቅ ነው፤ ሥራዬ ከጥል እንዲርቅ ምን ያህል እንደተጠነቀቅሁ እዩልኝ። የመጀመሪያውን ቅጂ ለአያ ሰይድ ይዤ ሄድኩ። ሱቃቸው በር ላይ ተቀምጠው ለተሰበሰበው ሰው ጮክ ብለው አነበቡት፤ እያንዳንዱን ደመና በአማርኛ ያነቡና ከገጠር ለመጣው ወደ ኦሮምኛ ይመልሱታል። ከድጃ ከአቡጀዲው ጥቅል ኋላ ቆማ ትሰማለች።

«ዘራ። በቀለ። አጨደ» አሉ አያ ሰይድ። ወረቀቱን ገለበጡት፤ ጀርባው ባዶ ነው። «ከዚያስ?»

«ከዚያማ በላው፣ አያ ሰይድ።»

«ይኼንንማ እኔም አደርገዋለሁ» አሉና መለሱልኝ።

ደስታ እንደማይሸጥ ያን ቀን ገባኝ። የሚያሳዝነው ነገር ደግሞ ምን እንደሚሸጥ ከማንም በላይ የማውቅ ሰው ነበርኩ፤ ስንት ዓመት ማመልከቻ ጽፌያለሁ። በሁለተኛው ቁጥር አንድ በሬ አስገባሁ። የበሬው ባለቤት ማናህሎ የሚባል ጎረቤት ነው፤ በሬው የቢሻውን ማሽላ በላ። ይኸው ነው። በአንድ ገበያ ቀን አለቀ። ሰው ሁሉ ለሁለት ተከፍሎ ጥፋቱ የባለ በሬው ነው፣ የለም አጥር ያላጠረው ነው እያለ ሲከራከር ዋለ። አያ ሰይድ የማናህሎ ወገን ሆኑ። «በሬ ምን ያድርግ፤ በሬ ወሰን አያውቅ» ብለው ነው የተነሡት፤ ከዚያ ወዲህ ማንም ሊመልሳቸው አልቻለም።

በሦስተኛው ቁጥር ሁለቱን ቦርከና ወንዝ ዳር አገናኘኋቸውና ቢሻው ዱላ አነሣ። ዱላ ለማንሣት እጅ ያስፈልጋል። ሦስት ቀን ሙሉ እጅ ሳልኩ። በሦስተኛው ቀን እጅ የሚመስል ነገር መጣልኝ፤ የመጣልኝ ግን ወደ ላይ የተነሣ ሆኖ ነው። ሲወርድ ልስለው ብሞክር ሹካ ሆነብኝ። ስለዚህ ዱላውን አየር ላይ ተውኩትና ሥሩ «ይቀጥላል» ብዬ ጻፍኩ። አንባቢን ለማጓጓት ብልሃት የፈጠርኩ የመሰላቸው ነበሩ። እኔም እስከ ዛሬ አላስተባበልኩም።

አያ ሰይድ እዚያ ሲደርሱ ድምፃቸው ቆመ። ያን ጊዜ ከአቡጀዲው ኋላ «ቀጥሎስ?» የሚል ድምፅ ወጣ። ከድጃ ናት። ለእኔ የተወረወረ የመጀመሪያ ቃሏ ይኸው ነው። እንዲህ የምትል ከሆነ ዱላው አሥር ዓመት አየር ላይ ይቆይ ብዬ በደስታ ተመለስኩ። በሬ ሆይ ሣሩን አየህና ገደሉን ሳታይ የሚባለው ለእንደኔ ያለው ነው።

የኛ አገር ሰው የተነሣ ዱላ አይቶ አያልፍም። ጥል ያየ መንገደኛ ጭነቱን አውርዶ፣ በአላህ ብሎ መሐል ይገባል፤ ገላግሎ፣ ሁለቱንም አስቀምጦ ነው መንገዱን የሚቀጥል። እኔ ደግሞ ዱላውን ለሁሉም አሳይቼ የሚገባበትን መሐል ዘጋሁበት። ከማግስቱ ጀምሮ ቤቴ በገላጋይ ተጥለቀለቀ። አንዲት የጨፋ ሴት ቅል ወተት ይዛ መጣችና «ልጄ፣ ያ ሰውዬ እንዳነሣ ነው? ክንዱ አይዝልም ወይ? እባክህ አውርድለት» አለችኝ። አንድ ሌላው ከማባዣው ፊት ተንበርክኮ «ስለ ነቢ ብለህ» አለ፤ ለማሽኑ ይሁን ለእኔ አልገባኝም። ባቲ ላይ አንድ የሽንኩርት ነጋዴ ወረቀቱን ገልብጦ ያዘው፤ ዱላው ወደ ታች ወርዶ ሲያየው «አልሃምዱሊላህ» ብሎ አጥፎ ኪሱ ከተተው። በዚያ ሳምንት እፎይ ያለ አንባቢ እሱ ብቻ ይመስለኛል።

አራተኛው ቁጥር ላይ ዱላው አረፈ። ሲያርፍ አላሳየሁም፤ ማናህሎን ተጋድሞ ሳልኩት። ተጋዳሚ ሰው መሳል ይቀላል፤ እጁን ሥሩ ታደርጉታላችሁ። ይሙት ይትረፍ አልወሰንኩም፤ ለሚቀጥለው አሰብበታለሁ ብዬ ነው። ነገር ግን ማናህሎን ያጋደምኩት ከገጹ ግርጌ በስተግራ ነው። ጭንቅላቱ ያረፈው ከበሮዬ በሚያፈስበት ቦታ ላይ ሆነ። ባተምኩት ወረቀት ሁሉ ላይ ከማናህሎ ራስ ሥር ጥቁር ኩሬ ተኛ።

አያ ሰይድ ገጹን ገለጡ፣ አዩ፣ ቆባቸውን አወለቁ። «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» አሉና ወረቀቱን አጥፈው ሱቁን ዘጉ።

«ቀለም ነው፣ አያ ሰይድ፤ ማሽኑ አፍስሶ ነው» አልኳቸው።

«የማናህሎ ደም ባንተ ቤት ቀለም ነው?» አሉኝ። ከድጃን ወደ ውስጥ አስገብተው በሩን ቀረቀሩት። ከዚህ በኋላ ስለ ማባዣ ከበሮ የሚሰማኝ ሰው አላገኘሁም።

አያ ይማም የመጡት በሦስተኛው ቀን ነው። አያ ይማም አበጋር ናቸው። አበጋር ማለት ደም የሚያደርቅ፣ ባላንጣ የሚያስታርቅ፣ ነገሩም ከአባት ከአያት የወረደለት ሰው ነው፤ እሳቸው የያዙት ጉዳይ ሳይታረቅ አይቀርም፣ እምቢ ያላቸውም ሰው ሰላም አድሮ አያውቅም ይባላል። ለእኔ ደግሞ ከዚህም በላይ ናቸው። ማሽላ ከታጨደ በኋላ ለከድጃ ሽማግሌ ሆነው እንዲሄዱልኝ ለምኜ እሺ አሰኝቻቸው ነበር። እና ከሁለት አዛውንቶች ጋር ደጄ ላይ ሳያቸው ለዚሁ መስሎኝ ልቤ ዘለለች።

«አሰላሙ አለይኩም። አካም ጅርታ?»

«ወአለይኩም ሰላም። ግቡ እንጂ፣ አያ ይማም።»

«ነገር ይዘን ነው የመጣን፤ ነገሩ ሳያልቅ አንገባም» አሉና ሦስቱም መሬት ላይ ተቀመጡ። እኔም ተቀመጥኩ። «ያ ሰውዬ» አሉ፣ «ዱኤ ሞ ህንዱኔ? ሞቷል ወይስ አልሞተም?»

«አላውቅም።»

እርስ በርስ ተያዩ። «አንተ አይደለህ የሠራኸው?»

«እኔ ነኝ። ግን ገና አልወሰንኩም፤ የሚቀጥለው ቁጥር ሲወጣ…»

«እንግዲያው» አሉ አያ ይማም ቀስ ብለው፣ «ሰው አስመትተህ፣ ይሙት ይዳን ሳታይ፣ ወረቀት ልትሸጥ ባቲ ወረድክ።» ማመልከቻ ጸሐፊ ነኝና የተመታሁበት ማመልከቻ በደንብ እንደተጻፈ አውቄያለሁ።

«ቢሻው ዘመድ አለው?» ጠየቁኝ።

«አልሳልኩለትም።»

«እንግዲያው ዘመዱ አንተ ነህ። የማናህሎን ነገር ደግሞ ሰይድ ይዞታል፤ ደሜ ነው ብሏል። እርቅ እስኪወርድ ደም የተቃቡ ሰዎች በአንድ ገበያ አይውሉም፣ ከአንድ ውኃ አይቀዱም። አንተም ሁለቱን ወገን በአንድ ወረቀት አታውላቸው።»

እሺ አልኩ። እምቢ ብል ለከድጃ ማን ይሄድልኛል? ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ፤ እኔ ደግሞ ሞኝም ነኝ፣ ወረቀትም ይዣለሁ፤ ማተሙን ልተው አልቻልኩም። ስለዚህ አምስተኛውን ቁጥር ለሁለት ከፍዬ አተምኩት። በአንደኛው ወረቀት ቢሻው ብቻውን አለ፤ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ስምንት ሣጥን ሙሉ ይቆማል። ምን እያደረገ ነው ሲሉኝ እየተጸጸተ ነው እላለሁ። በሁለተኛው ወረቀት የማናህሎ ሚስትና ወንድሞች አሉ፤ እነሱም ይቆማሉ። የቢሻውን ሰኞ ባቲ እሸጣለሁ፤ የማናህሎን ሮብ ጨፋ ሮቢት። በአንድ ገበያ እንዳይውሉ።

ይህ ነገር ማስተካከያ ይሆናል ብዬ ነበር፤ ባሰ። ባቲ የሚውለው ሰው ቢሻው ብቻውን ሲጸጸት አይቶ አንጀቱ ተበላ። ሮቢት የሚውለው የማናህሎን ሚስት አይቶ ጥርሱን ነከሰ። ሁለቱ ወገኖች የጭነት መኪና ላይ ሲገናኙ ክርክር ጀመሩ። በአንዱ ቀን ከባቲ የተመለሰ ጨው ነጋዴና አንድ የጨፋ ገበሬ ከመኪናው ወርደው የእውነት ዱላ አነሡ፤ ተሳፋሪው በአላህ ብሎ ገላገላቸው። ለምን እንደተጣሉ ሲጠየቁ ሁለቱም የእኔን ወረቀት ከኪሳቸው አወጡ አሉ። ይህን ስሰማ መጀመሪያ የተሰማኝ ኩራት ነው፤ አፍሬ ተውኩት። ቀጥሎ የተሰማኝ ፍርሃት ነበር፤ እሱን ግን መተው አልቻልኩም።

በዚያው ሳምንት አያ ሰይድ በአያ ይማም በኩል ቁርጡን ላኩብኝ። «ከደመኛ ጋር አልጋባም። ይታረቅና ይምጣ፤ ካልታረቀ የልጄን ስም አያንሣ» የሚል ነው። አያ ይማም ሲጨምሩ «የታረቀ ጥል አይነሣም። በአፍም፣ በእጅም ወደ ፊት አይገፋም። ይኼንን አውቀህ እሺ በል» አሉኝ። ምን ማለታቸው እንደሆነ ገብቶኛል። ማተሚያ ቤቴ ያለው ጥል አንድ ነው። እሱ ከታረቀ የቀረኝ የማሽላ አጨዳ ነው፤ እሱን ደግሞ አያ ሰይድ ራሳቸው ያደርጉታል።

ሁለት ቀን አሰብኩ። አልዋሻችሁም፤ ሁለት ቀን ሙሉ አንዲት ልጅና አንድ የሚያፈስ ማሽን እኩል ሲመዝኑብኝ ዋልኩ። በሕይወቴ ሰው የጠበቀው ሌላ ነገር ሠርቼ አላውቅም ነበር። ለማመልከቻዬ ደጄ የመጣ ሰው ሁሉ በችግሩ ነው የመጣ። ለቢሻው ግን ወተት ይዘው መጡ። በሁለተኛው ቀን ማታ ጎህ እስኪቀድ አልቆይም ብዬ አያ ይማም ዘንድ ሄጄ እሺ አልኩ።

እርቁ ቦርከና ዳር ሆነ። የመጣው ሰው ለሁለቱ ገበያ ይበቃል። ወረቀት ቆሞ ስለማይታረቅ ለቢሻው እኔ፣ ለማናህሎ አያ ሰይድ ቆምን። በደለኛ አንገቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሞ ነው የሚቀርበው። አንድ ጠርዙ የሚቆረቁር ድንጋይ አመጡልኝ። ቀለል ያለ የለም ወይ ብዬ ብጠይቅ አንዱ አዛውንት «ዱላው ቀላል ነበር?» አለኝ። ተሸከምኩት። ከፊቴ አያ ሰይድ ፊታቸውን አዙረው ቆመዋል፤ ከሴቶቹ መሐል ከድጃ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ታየኛለች። በወረቀት ላይ ለተሠራ በደል የእውነት ድንጋይ መሸከም ምን እንደሚመስል እኔን ጠይቁኝ፤ ከሌላ ሰው አታገኙትም።

«ሰይድ፣ ይኼ ሰው አጠፋሁ ይላል» አሉ አያ ይማም።

«እሱ ይበለዋ።»

«አጠፋሁ፣ አያ ሰይድ» አልኩ።

«ምን አጠፋህ?»

«ለማሽላ ብዬ ሰው መታሁ።» ይህን ስናገር፣ ይገርማችኋል፣ እንባዬ መጣ። ድንጋዩ ይሆናል። ግን ደግሞ ያ ተጋዳሚ ሰውዬ ወረቀቴ ላይ ያን ሁሉ ጊዜ ብቻውን እንደተኛ፣ እኔ እንዳላየሁት፣ ያኔ ነው የታየኝ። አያ ሰይድም ዞር ሲሉ ዓይናቸው ቀልቷል። ድንጋዩን ከአንገቴ አነሡልኝ። በግ ታረደ፤ ዱላ ተሰበረ፤ የተሰበረው የእኔው ዱላ ነው፣ ቢሻው ሌላ ስለሌለው። አያ ይማም ዱዓ አደረጉ፤ ሕዝቡ «አሚን» ሲል ወንዙ ማዶ ያሉት ከብቶች ቀና አሉ።

ከዚያ ጥሉ ይቀበር ተባለ። ጉድጓድ ተማሰ። የቀሩኝን ወረቀቶች፣ ስቴንስሎቹን፣ የግራሞፎን መርፌዬን ጭምር አስገባሁ። ሰዎችም ከኪሳቸው፣ ከመቀነታቸው፣ ከቆባቸው ሥር የየራሳቸውን ቁጥር እያወጡ ጨመሩ። ያን ያህል ሰው ጠብቆ እንደያዘው አላውቅም ነበር። ያ የሽንኩርት ነጋዴ እንኳ እንደገለበጠው አመጣው። አፈር ሲመለስበት አዘንኩ፤ በጣም አዘንኩ። እጄን ወደ ላይ አንሥቼ ይህን ጥል በአፌም በእጄም ወደ ፊት እንደማልገፋ ማልኩ። አሁን የምነግራችሁም ያለ ፈቃድ አይደለም፤ ከብዙ ዓመት በኋላ አያ ይማምን ስጠይቃቸው «ወደ ኋላ ሂድ፣ ወደ ፊት አትሂድ» ብለውኛል።

ማሽላ ሲታጨድ አያ ይማም ለከድጃ ሄዱልኝ። አያ ሰይድ ሌላ ነገር ሳይጠይቁ ሰጡኝ። ማባዣው ለአንድ ትምህርት ቤት ፈተና ማባዣ ሆነ፤ እኔም ወደ «ክቡር ሆይ» ተመለስኩ። አያ ሰይድ ይህን አይተው ምንም አላሉም። ከታረቁት ሰው ጋር ስለ ሥራ አይጣሉም።

ከሠርጉ በሦስተኛው ቀን፣ ቁርስ ላይ፣ ከድጃ ትክ ብላ አየችኝ። እስከዚያ ድረስ ከእሺና ከአይ በላይ አውርተን አናውቅም። «አሁን ንገረኝ» አለችኝ።

«ምኑን?»

«ማናህሎ ሞቷል ወይስ አልሞተም?»

«ምያለሁ እኮ፣ ከድጃ።»

«ለእነሱ ነው የማልከው። እኔ ሚስትህ ነኝ።»

«መሐላ እንዲህ ለሁለት አይከፈልም።»

ጉርሻዋን ጨረሰች። «የአንድ የባቲ ጨርቅ ነጋዴ ልጅም ጠይቆኝ ነበር» አለች። «ደህና ሰው ነው ብለውኛል። ለአባቴ እምቢ ያልኩት እሱን ባገባ መጨረሻውን ማን ይነግረኛል ብዬ ነው።»

እኔ እስከዚያ ድረስ በመልኬ ይመስለኝ ነበር። ይህን ውጬ ሳልጨርስ የባሰው መጣብኝ፤ ለሚስቴ መዋሸት አልፈለግሁም። «ከድጃ» አልኳት፣ «ምዬ ብቻ አይደለም። ባልምልም ኖሮ የምነግርሽ የለኝም። አላውቀውም።»

ያን ቀን አላናገረችኝም፤ በማግስቱም አላናገረችኝም። ከድንጋዩ ይልቅ ይህ ከበደኝ። ሌላው ወረቀት ነው የገዛኝ፤ እሷ ግን ዕድሜዋን ይዛ መጥታ ጎተራው ባዶ ሆነባት። እሄዳለሁ ብትል በምን አፌ ቆዪ እንደምላት አላውቅም ነበር።

በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ ደጅ ተቀምጣ በቆሎ ትፈለፍላለች። እኔ ለአንድ ባለጉዳይ ማመልከቻ አዘጋጃለሁ።

«አንተ» አለችኝ ቀና ሳትል።

«አቤት።»

«እኔ ቦርከና ዳር እጄን አንሥቼ ነበር?»

«አላነሣሽም። ሴቶች አልማሉም።»

«እንግዲያው አፍህን ዘግተህ ስማ። አንዲት ቃል ብትተነፍስ መሐላህ ይፈርሳል» አለችና ከተጋደመው ከማናህሎ ጀመረች።

ብዕሬን አስቀመጥኩ። በቆሎው እስኪያልቅ ነገረችኝ። ዱላውን ከየት እንዳወረደችው፣ በሬውን ምን እንዳደረገችው፣ የማናህሎን ሚስት ምን እንዳናገረቻት ብትሰሙ፣ ወላሂ፣ እኔ ያንን ሁሉ ቀለም አፍስሼ አንዱም በሐሳቤ አልመጣም። አንድ ቦታ ላይ ሳቄ ሊያመልጠኝ ሲል በቆሎ በያዘ እጇ አፌን ያዘችኝ። ስትጨርስ ቆረቆንዳውን አራግፋ «እንዲህ ነው» አለች፤ እኔም ራሴን ነቀነቅሁ፤ ራስ መነቅነቅ በመሐላው ውስጥ አልተጠቀሰም። ማናህሎ ሞተ ወይስ ተረፈ የምትሉኝ ካላችሁ፣ እኔ ምያለሁ፤ ያልማለችው እሷ ናት።